ያልተተኮሰችው ቲሸርት

ተክለወልድን የማውቀው በመንደራችን በኦቾሎ ስድስተኛ ክፍል አብረን ስንማር ነው። የአባያንና የጫሞን ካርታ ስዬ ባመጣ እሱ ከታች ጥግ ላይ ስሙን ጻፈበትና ሰልፍ ላይ ተጨበጨበለት። "የኔ ነው" ብል መምህሩ የለበስኩትን ቡትቶ አይተው "አንተ?" አሉኝ። አንተ ብቻ። በዓመቱ ትምህርቱን ትቼ ሸማ ሥራ ገባሁ፤ እሱ ተምሮ ቢሮ ገባ። ባለቤቴ ወርቂቱ "እስካሁን?" ትለኛለች። አዎ፣ እስካሁን።

ዛሬ ከተማ ወርጄ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የሱቅና የባጃጅ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ልጄ አቢጋኤል አምስተኛ ክፍል ናት፤ የተክለወልድ ልጅ ሰሊሆምም እዚያው ክፍል። ዘንድሮ የክፍሉ ልጆች ለመስቀል አንድ ዓይነት ቲሸርት ይልበሱ ተባለና ወላጆች ተሰበሰብን። አቢጋኤል ለካ ለአስተማሪዋ ለቲቸር አገኘሽ "አባቴ ይሠራዋል" ብላት ኖሯል። ተክለወልድ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ተነሣ።

"ባፈና ይሥራው። መቼም አበባ መሳል አያቅተውም" አለ ስሜን ጠርቶ። ሰው ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "አደራ፣ እንዳታሳፍረኝ።"

እኔ እሱን!

ነጩን ቲሸርት ወላጆች ላኩ፤ ልጆቹ አንገቱ ውስጥ ስማቸውን በእስክሪብቶ ጽፈውበታል። አሮጌ የራጅ ፊልም በምላጭ ቀድጄ የአባቶቻችንን ሱሪ፣ የዱንጉዛውን ጥለት አወጣሁ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፤ ከላዩ የመስቀል ሰላምታችንን "ዮ ማስቃላ"። ቀለሙን በስፖንጅ እየነካካሁ አተምኩ፣ አቢጋኤል ገመድ ላይ አሰጣች። ሲደርቅ ጨርቅ ደርቤ በከሰል ካውያ መተኮስ ነው። ያልተተኮሰ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሄዳል።

ሠላሳውን ተኩሼ የመጨረሻዋን አነሳሁ። አንገቷ ላይ "ሰሊሆም ተክለወልድ" ይላል። ካውያውን መልሼ አስቀመጥኩት። ልጅቷ ምን አደረገችኝ? ምንም። አስቀመጥኩት።

አቢጋኤል እያጠፈች ነበር፤ ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

"አባ፣ ይቺ አልተተኮሰችም።"

"ተተኩሳለች።"

"ገና ቀለም ቀለም ትሸታለች እኮ።"

"እጠፊያት ብያለሁ!"

የቲሸርቷን አንገት ገልጣ ስሙን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። አጠፈቻት።

የበዓሉ ዕለት ሠላሳ አንድ ልጅ በአንድ ጥለት ሜዳው ላይ ሲጨፍር፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። እኔ ግን ዓይኔ ሰማዩና ሰሊሆም ላይ ነበር። ዝናቡ ከተራራው ወረደ። ልጆቹ ጭፈራውን አላቆሙም። ሰሊሆም በሰበሰች፤ ጥለቷ ንቅንቅ አላለም። እንዴት ሊሆን ቻለ ስል ከወዲያ በኩል ሳቅ ሰማሁ።

"አቢ፣ ወጥ ተደፋብሽ!"

ዞርኩ። የልጄ ደረት ላይ ቀዩ ከጥቁሩ ተቀላቅሎ እስከ ቀሚሷ ወርዷል። እሷ ትጨፍራለች።

ተክለወልድ በጃንጥላው መጣና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

"ምነው ባፈና? ለገዛ ልጅህ እንኳ?"

ቲቸር አገኘሽም ወላጆቹም ያዩኛል። ምን ልበል? ያቺ ላንተ ልጅ የተዘጋጀች ነበረች ልበል?

"እሷ ላይ ስደርስ ከሰሉ አለቀብኝ" አልኩ።

"እኔስ ፈርቼ ነበር። ደግነቱ በራስህ ልጅ ሆነ።"

ከአቢጋኤል ጋር ስንመለስ የኩልፎ ወንዝ ደፍርሶ ይወርዳል። ድልድዩ ላይ፣

"ቀየርሻት?" አልኳት።

"የኔን ሰጠኋት፤ ልካችን አንድ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩህ እኮ።"

ጥቂት ሄድን። ከዚያ፣ "አባ፣ የካርታውን ነገር ስታወራልኝ ድሮ አዝንልህ ነበር" አለችኝ።

ድሮ አለች። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ነው።

ወርቂቱ ቲሸርቷን አጥባ አጥባ አቃታት፤ ነጭም አልሆነች፣ ጥለቱም አልተመለሰ። አሁን ብሩሽ እጠርግባታለሁ።

ካርታው ግን የኔ ነበር።