ጤነኛ ቁጥር አርባ ሰባት

መዶሻው መጀመሪያ ያረፈው ደም የሚያሽከረክረው ማሽን ላይ ነበር። ክዳኑ ተፈናጥሮ ቱቦዎቹ ደቀቁ፤ ደሙም ግድግዳውን ረጨው። «ጠብታ» ጓንቷን እንዳጠለቀች ክው ብላ ቀረች። ስሙን ያወጡላት የላቦራቶሪ ባልደረቦቿ ናቸው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ አንዲት ጠብታ ደፍታ፣ አንዲት ቱቦ አምታታ አታውቅም።

በሩን በእርግጫ በርግዶ የገባው ሌላ ማንም አይደለም፤ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። እናት አባታቸው ሲሞቱ እሱ ሃያ፣ እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዓይኑን በብየዳ እሳት እያስለበለበ ያስተማራት እሱ ነው። ያ በሬ የሚያህል በያጅ ዛሬ ሆዱ ተነፍቷል፣ ክንዱ ሰልሏል፣ የዓይኑ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ጥበቃውስ የት ሄደ አትሉም? በር ላይ የረገፈ ጥርሱን ከመሬት እየለቀመ ነበር።

«ዋናው ማነው?» አለ በያጁ።

ዋናው ተመራማሪ ከመስታወት ክፍሉ ወጣ። «ወንድሜ፣ በሥርዓት እንነጋ...» ሳይጨርስ ቡጢው አፍንጫው ላይ አረፈ። በያጁ ደም የሰጠ ዕለት የተቀበላትን የተጨማደደች ወረቀት ወለሉ ላይ ወረወረ፤ ሰውየውን አንገቱን አንቆ ጠረጴዛው ላይ አጋደመውና መዶሻውን አነሳ።

«ትናንት ሐኪሙ ጉበትህን ካንሰር ጨርሶታል አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ብትመጣ ቆርጠን እናወጣልህ ነበር አለኝ። እኔ እኮ ከሁለት ዓመት በፊት መጥቻለሁ! እዚሁ! ደሜን ሰጥቻለሁ! መዝገብ ቤታችሁን ብጠይቅ፣ ያንተ ናሙና ተምታቷል ተብሎ ወጥቷል አሉኝ። ተምታቷል ብሎ የፈረመው ማነው?»

ጠብታ ወረቀቷን አነሳች። «ጤነኛ፣ ቁጥር አርባ ሰባት» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥናቱ ዘረመል ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ምልክቶችን ፍለጋ ነበር፤ ዘረመሉን ሳይለውጡ አንዱን የሚያስተኙ፣ ሌላውን የሚቀሰቅሱ። የጉበት ካንሰር ሰውየውን ሳያመው ምልክቶቹ በደሙ ውስጥ ይታያሉ ወይ ነው ጥያቄው። ስድሳ ሕመምተኛ፣ ስድሳ ጤነኛ ያስፈልግ ነበር። ጤነኛ ሲጎድል «ዘመድ አዝማድ አምጡ» ተባለና ጠብታ ወንድሟን ለምና አመጣች። «ያስተማርኩሽ ደሜን ልትጠጪ ነው እንዴ?» እያለ እየሳቀ ነበር ክንዱን የሰጣት። አድልዎ እንዳይኖር መዝገብ ቤቱ የሁሉንም ስም ደብቆ ቁጥር ሰጠ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ጠብታም አታውቅም ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ ከጤነኞቹ አንዱ፣ አርባ ሰባት፣ እንደ ሕመምተኞቹ ምልክቱ ተገኘበት። ዋናው ተቆጣ። «ቱቦ አምታተሻል! ፈርሚና ይውጣ። አለዚያ ጽሑፋችን አይታተምም፣ አንቺም ከሥራሽ ትባረሪያለሽ!» አለማምታታቷን ልቧ ያውቃል። ግን ፈረመች። አይ ሰው! ቁጥር መስሏት ነው።

አሁን ገባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላለች።

«ማነው የፈረመው?» መዶሻው የዋናው ትከሻ ላይ ወረደ፤ አጥንቱ ሲሰበር ጠብታ ሰማች። ሰውየው ሊናገር ይንፈራገጣል፣ ጉሮሮው ግን ታንቋል። ሁለተኛው ምት ጭንቅላቱ ላይ ቢያርፍ እሷ መፈረሟን የሚያጋልጥ አይኖርም። እሷም ዝም አለች። ለአፍታ ቢሆንም ዝም ብላለች፤ እኔ አልደብቅላትም።

«ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ዝም በይ! የማንን ኃጢአት ነው የምትሸከሚው?»

«የራሴን። እንዳልተምታታ እያወቅኩ ነው የፈረምኩት። ያላወቅኩት ያንተ መሆኑን ብቻ ነው።»

በያጁ ተመራማሪውን ለቀቀው።

«የሌላ ሰው ቢሆንስ?» አላት።

እሱ ዓይኑ ደም ለብሶ ወደ ትልቁ ማቀዝቀዣ ዞረ። «እንግዲያው የማንም ደም እዚህ አይቀመጥም!» ብሎ መዶሻውን ሰነዘረ። ጠብታ ሮጣ ቀኝ እጇን ቁልፉ ላይ ጫነች። ያኔ ከወንድሟ ደም ተከፍላ፣ ሳትመረመር የተቀመጠችው ሁለተኛዋ የአርባ ሰባት ቱቦ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለም።

መዶሻው አልቆመም። ጣቶቿ ከብረቱ ጋር ተጨፈለቁ። ጮኸች፣ እጇን ግን አላነሳችም።

«ምታኝ፣ ጋሼ። ይህን ግን ተውልኝ። ተምታቷል ያልኩትን በእሱ ነው የማፈርሰው።»

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ይዞ መንገድ ያሻግርበት የነበረውን እጇን አነሳና ደሙን በሸሚዙ ይጠርግ ጀመር። ፖሊሶች ሲደርሱም አልለቀቃትም፤ በዱላ ጀርባውን እየደበደቡ ነው ያላቀቁት።

በሰባተኛው ሳምንት ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ጠብታ ያችን ቱቦ አውጥታ በግራ እጇ ከፈተች። ግራ እጇ ሥራውን አልለመደምና ከወንድሟ ደም ጥቂቱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ በቀረው ሠራች። ውጤቱ ያው ወጣ። «አርባ ሰባት አልተምታታም» ብላ ጻፈችና፣ እንደ ሕፃን በተጣመመ ፊደል፣ በግራ እጇ ፈረመች።