የጋሽ እሸቴ ፊኛ

የሚመጡልን እንግዳ ልጅ፣ አለልኝ፣ ከዳላስ ደውሎ ብዙ ካወራን በኋላ፣ መጨረሻ ላይ «እትዬ ስመኝ፣ አባቴን አደራ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ቤዝመንት ወረድኩና የእንግዳ ክፍሉን የጭስ ማንቂያ ሞከርኩ። ይጮኻል። ደረጃው ሥር ያለችውን ምንጣፍ ሽማግሌ ታደናቅፋለች ብዬ አነሣኋት። ያም ሆኖ ሐሳቤ አላርፍ አለ። በአደራ የተሰጠኝ ሰው በእጄ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ለልጁ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

ሜፕልዉድ ከተማ ባለው ቤታችን እንግዳ ማሳደር የጀመርነው በልጄ በቤዛዊት ምክንያት ነው። ሃይስኩል ሳለች ለትምህርቷ ስታነብ አንድ ነገር ደረሰችበት። ሰው በሮኬት ጠፈር ከመድረሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንድ አብራሪ በታሸገች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከዚሁ ከሳውዝ ሴንት ፖል በፕላስቲክ ፊኛ ወጥቷል። የወጣውም ሰማዩ በቀን እስኪጠቁር ድረስ ነው። ቤዛዊት ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ አወጣችና የዚህ ነገር ፍቅር ያለባቸው ሰዎች ከየአገሩ ይመጡልን ጀመር። እሷ ታስጎበኛለች፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ። የሚታየው ጥቂት ነው፤ ፊኛው የተነሣበት ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ፣ አውሮፕላን የሚያድርባቸው ሃንጋሮች፣ ሣር። ሆኖም እዚያ ቆመው ወደ ላይ ሲያዩ ባርኔጣቸውን የሚያወልቁ እንግዶች አሉ።

ከአበሻ የመጀመሪያው ጋሽ እሸቴ ነበሩ። ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ከረባታቸውን የማይፈቱ ሰው። ልጃቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ መጥተው፣ ከዳላስ ፎቅ ይልቅ ያንን ሜዳ ካላየሁ አሉ። ጁን 2018 ነበር። ማክሰኞ ማታ ተቀብለናቸው ዶሮ አበላኋቸው። ረቡዕ ጠዋት ቤዛዊትን ከምትሠራበት ሆስፒታል ድንገት ለሺፍት ጠሯትና ማስጎብኘቱ እኔ ላይ ወደቀ።

«ማም፣ ዩ ኖው ዚስ» አለችኝ ጫማዋን እያሰረች። «መኪና ውስጥ መቶ ጊዜ ሰምተሽኛል።»

«ብሳሳትስ? አስተማሪ እኮ ናቸው።»

«እንግዲያ ያርሙሻላ» ብላኝ ወጣች።

ቁርስ ላይ ጋሽ እሸቴ ሻይ አልጠጡም። ውሃ ሳቀርብም እጃቸውን አንሥተው እምቢ አሉ። ግንባራቸው በላብ ያበራል። ዶሮው ነው አልኩ በሆዴ፤ አልበሰለም፤ ሰውዬውን መረዝኳቸው።

«ሆድዎን ነው ጋሼ?»

«ኧረ ሆዴስ ደህና ነው። ተነሺ ይልቅ እንሂድ።»

መኪና ውስጥ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ እኔ ይገላበጣሉ። ቀበቶውን በእጃቸው ከሆዳቸው አርቀው ይዘውታል። ፖሊስ እንዳያየን ብዬ በደንብ እንዲያስሩት ለመንኳቸው። አየሩም አላማረኝም፤ ከምዕራብ በኩል ደመና ተቆልሏል።

«ስመኝ» አሉኝ ሃይዌይ ላይ፣ «ፊኛው ሞልቶ ሊፈነዳ ነው።»

የፈተና ጥያቄ መሰለኝ። ቤዛዊት ያለችውን አስታወስኩ። «አይ ጋሼ፣ ከመሬት ሲነሣ እኮ ግማሹም አይሞላም። ላይ ወጥቶ አየሩ ሲሳሳ ነው ራሱ እየተነፋ የሚሄደው።»

መሳቅ ጀመሩና ሳቁን መሃል ላይ ቆረጡት። «ጎበዝ ተማሪ! ይሄኛው ግን ገና መሬት ላይ ሳለ ነው የሞላው።»

የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም። ስለ ሌላ በረራ ይሆናል ብዬ፣ አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ ዝም አልኩ።

ሜዳው ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቁት ሽንት ቤት ነበር። ቆይተው ወጡ። ትንሽ እንደተራመድን ተመልሰው ገቡ። ተቅማጥ ነው፤ ዶሮዬ ነው። ሲወጡ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ፣ እኔም በቃሌ የያዝኩትን ጀመርኩ፤ ፊኛው እንዴት ሌሊቱን እንደተዘጋጀ፣ እንዴት ጠዋት እንደተለቀቀ።

«አብራሪው ሬዲዮው እንደተበላሸበትስ?» አሉ። «ታች ያሉት ድምፁን መስማት አልቻሉም። በሞርስ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ነው ያወራቸው። ኦክስጅንህ እያለቀ ነው፣ ውረድ ሲሉት ምን ብሎ መለሰ መሰለሽ?»

«ምን አለ?»

«መጥታችሁ ውሰዱኝ!» ሊስቁ ፈልገው ዐይናቸውን ጨፈኑ። አጥሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

ያኔ ለአውሎ ነፋስ የተተከለው የከተማው ማንቂያ ጮኸ።

«ምንድነው? ጦርነት ነው?»

«የወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ስለሆነ ነው፤ ይሞክሩታል» አልኩ። ይህን በየወሩ እሰማለሁ። ግን ደመናው አለ፤ ዛሬ የእውነት ቢሆንስ? ክንዳቸውን ይዤ ወደ መኪናው ጎተትኳቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ እግራቸውን ማንሣት አቃታቸው።

«ስመኝ ልጄ፣ ፊኛዬ…»

«ጋሼ፣ ፊኛውን አሁን ይተዉት! ማታ ቤዛዊት ታስረዳዎታለች።»

ደግፌ አስገባኋቸውና ቤዛዊት ጋ ደወልኩ።

«ሰውዬው ሊሞቱብኝ ነው! ፀሐይ መትቷቸዋል፣ ወይ ዶሮዬ ነው። ፊኛዬ፣ ፊኛዬ እያሉ ይቃዣሉ።»

አቋረጠችኝ። «ፊኛው ነው ያሉት ወይስ ፊኛዬ?»

«ፊኛዬ። ምን ልዩነት አለው?»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማም! ብላደራቸው፣ የሽንት ፊኛቸው ነው! እዚህ አስተርጓሚ ሲጠፋ እኔን እኮ ነው የሚጠሩኝ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚሉት። ስፒከር ላይ አድርጊኝ። ጋሽ እሸቴ፣ መቼ ነው የሸኑት?»

አማርኛዋ እንዲህ ነው፣ ቀጥታ። እሳቸውም እኔም አቀረቀርን።

«ትናንት ማታ» አሉ ጋሽ እሸቴ በቀስታ። «እሱም ጠብ ጠብ።»

«ኢአር፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። አሁኑኑ!»

እንዴት ድራይቭ እንዳደረግሁ አላውቅም። በየቀይ መብራቱ ፊታቸውን አያለሁ፤ እየተነፈሱ እንደሆነ ለማወቅ ያናግሩኝ እላለሁ፤ እሳቸው ጥርሳቸውን ነክሰው መንገዱን እንዳይ በጣታቸው ያመለክቱኛል። ስለ ቀበቶ፣ ስለ ደመና፣ ስለ ዶሮ ስጨነቅ ሰውዬው አጠገቤ ተቀምጠው ነግረውኝ ነበር። በአስተማሪ ወግ፣ በሴት ፊት እንደሚባለው አድርገው ነግረውኝ ነበር።

ሆስፒታሉ ወዲያው አስገባቸው። ሲጠሩኝ የሽንት ቱቦ ገብቶላቸው፣ ፊታቸው ተፈትቶ የሌላ ሰው መስሎ፣ ከረባታቸው ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ አገኘኋቸው። ሐኪሙ ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢያቸው አብጦ የሽንት መንገዱን እንደዘጋው፣ ብንዘገይ ኩላሊታቸው ይጎዳ እንደነበር አስረዳኝ። ቱቦው እስከ ሰኞ ይቆያል። ሰኞ እዚህም ሆነ ዳላስ ሊወጣላቸው ይችላል።

ስልኬን ሳወጣ ጋሽ እሸቴ ቀና አሉ። «ለአለልኝ እንዳትነግሪው።»

«ጋሼ፣ አደራ ብሎኛል።»

«ከነገርሽው ነገ በጠዋቱ በረራ ያስመልሰኛል። የፊኛ ፋብሪካውን ቦታ አላየሁም። ያኔ ሴቶች ፕላስቲክ እያጣበቁ ያንን ፊኛ የሠሩበትን።»

«አደራ ነው ያለኝ።»

«እኔስ ሰው አይደለሁም? እኔ ራሴ አደራ ብልሽስ?»

መቀመጥ አልቻልኩም። ከአልጋው እስከ በሩ ተመላለስኩ። ሌሊት አንድ ነገር ቢሆኑና ልጁ ሳያውቅ ቢቀርስ? ፊት ለፊታቸው ደወልኩ፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሁሉንም ነገርኩት፤ ነግረውኝ ሳልሰማቸው መቅረቴንም።

«ለምን ለእኔ አልነገረኝም?» አለ አለልኝ። ድምፁ ተሰብሯል። «ከእኔ ጋር ሲሰነብት አንድ ቀን አልተናገረም። በቃ እትዬ፣ ነገ አሳፍሪልኝ። እዚህ አሳክመዋለሁ።»

ወደ እኔ የዞረውን የጋሽ እሸቴን ጀርባ አየሁ። ቀጥሎም ነገን አየሁ፤ እሳቸው አውሮፕላን ውስጥ፣ ቱቦው ተዘግቶ፣ አጠገባቸው የማያውቁት ሰው ተቀምጦ፣ እሳቸውም «ደህና ነኝ» እያሉ።

«አይሆንም» አልኩ። «ሰኞ ነው የሚወጣው። እስከዚያ እኔ ጋ ይቆያሉ።»

ዳላስም ይቻላል ያለውን የሐኪሙን ቃል አልነገርኩትም።

«እርግጠኛ ነሽ እትዬ?»

እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም፣ በምንም ነገር። «አዎ» አልኩት።

«እንግዲያው ቅዳሜ እመጣለሁ» አለና ዘጋ።

ጋሽ እሸቴ ፊታቸውን መለሱ። «ፋብሪካው ከቤት ሩቅ ነው?»

«ጋሼ፣ ቱቦው መኪና ውስጥ ቢነቀልስ?»

«ቀስ ብለሽ ትነጂያለሻ።»

ነርሷን ጠራሁና ቱቦው ቢዘጋ በምን እንደማውቅ፣ ቢነቀል ምን እንደማደርግ፣ ሽንቱ የሚጠራቀምበት ከረጢት እንዴት እንደሚደፋ እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። አሳየችኝ። እንደገና አልኳት፤ እንደገና አሳየችኝ።

«ገባሽ አይደል?» አሉ ጋሽ እሸቴ በአማርኛ፣ እንደ አስተማሪ ፈገግ ብለው።

«አልገባኝም» አልኩና ከረጢቱን ራሴ ያዝኩት። «አንዴ ደግማ ታሳየኝ።»