ጎብ በጣሳ

ችግኝ ተክሎ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ ሰው በድሬዳዋ ዙሪያ ሞልቷል። የቆመውን ዛፍ ከከሰል የሚያድን ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ሁዶ ከጀልዴሳ የመጣችው ለዚህ ነበር። የምትመራው የገበሬዎች ማኅበር በማሽላው መሀል ያቆያቸው የቁርቁራ ዛፎች አሉት። ፍሬያቸው ዛሬ ቀፊራ ገበያ ካልተሸጠ ዛፎቹ ተቆርጠው ከሰል እንዲሆኑ አባላቱ ተስማምተዋል። ሐሳቡን ያመጣው የባሏ ወንድም ዱዓሌ ነው። ጭነቱን አብሯት አወረደ፤ ምሳሩንም አስሞርዶ ሊመለስ ይዞታል።

ቁርቁራን ሶማሊዎች ጎብ ይሉታል። ሁዶ ለሰሌዳ ጸሐፊዋ ለሸዋገነት «የጎብ ፍሬ አምራቾች ማኅበር» ብላ ነግራት ነበር። ሸዋገነት ፊደሉን ላሳምር ስትል ቦታ አለቀባትና «የጎብ ማኅበር» ብላ ጨረሰችው። ጎብ ደግሞ በሶማሊኛ ጨዋ ዘር ማለትም ነው።

ረፋዱን የገዛ የለም፤ የሳቀ ግን ብዙ ነው።

«የጨዋዎች ማኅበር አቧራ ላይ ምን ይሠራል?» አለ ሽማግሌው ነጋዴ ዐብዲወሊ።

ሁዶ ተናደደች። ድሬ ላይ ደግሞ አንቱታ አይበዛም። «አባል እንፈልጋለን፣ አደር» አለችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «አንተስ ጎብ ነህ?»

በዙሪያው የነበረው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ሰውየው አይደለሁም ሊል ነው?

«የአባቴ አባት…» ብሎ ጀመረ።

«እሱን አልጠየቅኩም። ጎብ የሆነ ጣሳ ያስሞላል።»

ዐብዲወሊ ፌስታሉን ዘረጋ። «ሁለት ስፈሪ» አለ። የጎኑ ባለሱቅ ከሱ ሊያንስ ነው? ሦስት አስሰፈረ።

በዘሩ የሚኮራ ሰው ደሜን ያፈላዋል። ዕድሜ ልኬን ተከራክሬ አንዱንም አላሸነፍኩም። ሁዶ በጣሳ ረታቻቸው።

ሸዋገነት ስህተቷን ሰምታ ቀለምና ብሩሽ ይዛ ስትሮጥ መጣች። «ይቅርታ እህቴ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

«እጅሽን ሰብስቢ» አለቻት ሁዶ። «ይልቅ ለሌላው ገበያ ትልቅ አድርገሽ ጻፊልኝ።»

ከኋላቸው አንድ ሰው ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጣራል፦ «ጎብ ያልሆነ መንገድ ይልቀቅ!» ዱዓሌ ነው።

ሁዶ የመጨረሻውን ጆንያ አራግፋ ወደሱ ዞረች። «ምሳሩንስ አስሞረድከው?»

ዱዓሌ በአገጩ ወደ ሰሌዳው አመለከታት። ንፋስ እንዳይጥለው ምሳሩን ከሥሩ አስደግፎታል።

«አቦ ተይው» አላት። «እሱን ካነሳሁት ጎብ ይወድቃል።»