መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ የተፈታው ካምቢዮ

ካምቢዮው የልብስ ሰፊዋ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ከተጋደመ አሥራ ሁለት ቀን ሆነው። ከጭነት መኪናው ሆድ በክሪክ አውርደው አራት ጎረቤቶች ተሸክመው ሲያስገቡት ጠረጴዛው አቃሰተ። ሠላሳ ዓመት የሰው ሱሪና ቀሚስ የቆረጠችበትን እንጨት ለባሏ ለቀቀችለትና የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ ገፍታ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

ባሏ ሾፌር ነው። ነበር ማለት ይሻል ይሆናል፤ እሱ ባለበት ግን ይህን የሚደፍር የለም። ከሦስት ወር በፊት አሸዋ ሊጭን ወጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መኪናውን ድልድይ መሐል አቁሞ ተገኘ። ሞተሩ አልጠፋም። ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ጡሩምባውን ያስጮኻል፤ እሱ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። አንድ ወጣት መስኮቱን አንኳክቶ "ምን እየጠበቁ ነው አባት?" ቢለው፣ "የምሄድበት ቦታ ትዝ እስኪለኝ" አለው። ቤት ገብቶ ይህንኑ እንደ ቀልድ አወራው። ልጃቸው አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ካምቢዮው ሲበላሽ እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ሁለቱም በልባቸው እፎይ ብለዋል።

እፎይታው ግን አልበረከተም። ሾፌሩ እኔው ራሴ ቤት ውስጥ ፈትቼ እሠራዋለሁ ብሎ ተነሣ።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ አውቶማቲክ ነው" አለው ልጁ። "እንደ ድሮዎቹ አይደለም።"

"አውቶማቲክም ቢሆን የሠራው ሰው ነው፤ ከሰማይ አልወረደም። እንዲህ እናድርግ። የሚመጣው ሳምንት እሑድ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ከግቢው በር ካወጣሁት ስለ መንዳቴ ሁለተኛ አታነሱብኝም። ካላወጣሁት ቁልፉን ውሰድና ሽጠው። ቃሌ ነው።"

ልጁ እሺ አለ። ኋላ ወጥ ቤት ገብቶ በእናቱ ጆሮ፣ "ተይው፣ መፍታቱን ይፈታዋል፤ መግጠሙ ላይ ነው ጉዱ" አላት።

እሷ ግን ልጇ የማያየውን ታይ ነበር። ባሏ በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ "ዛሬ ምን ቀን ነው?" እያለ ይጠይቃታል፤ እየጠየቃት ጣቶቹ ቀጭኗን የጎማ ቀለበት ዘይት ቀብተው፣ ሳያዩዋት፣ ቦታዋ ላይ ያስቀምጧታል። ራሱ ቢረሳም እጁ አልረሳም። የካምቢዮውን ስስ ክብ ዲስኮች በእጁ ይዞ ደግሞ በየቀኑ ይጠራታል።

"ነይማ፣ አንቺ ሴት። ይሄን ታውቂዋለሽ?"

"አላውቀውም" ትለዋለች።

"ይሄ የለበሰው ነው፣ ገበር እንዳለው ኮት በለው። ይሄ ደግሞ ራቁቱን ያለ ብረት። አንድ የለበሰ፣ አንድ ራቁቱን፤ እንደዚያ እያልሽ ትደረድሪያቸዋለሽ። ዘይቱ ሲገፋቸው ይተቃቀፋሉ፣ መኪናው ይሄዳል። ሁለት የለበሱ ጎን ለጎን ከዋሉ ግን እንደ ኩሩ አማቾች ናቸው፣ አንዱ አንዱን አይነካም።"

ይስቃል። እሷም ትስቃለች። በማግስቱ ያንኑ፣ በዚያው ሳቅ፣ እንደ አዲስ ይነግራታል። በዘጠነኛው ቀን የትኛው ሞላ የት እንደሚገባ፣ የለበሱት ዲስኮች ከመገጠማቸው በፊት ዘይት ውስጥ ተነክረው እንደሚያድሩ ሁሉ በቃሏ ይዛው ነበር። የሱ መርሳት እሷን መካኒክ አደረጋት።

መካኒክ በመሆኗም ሥራው እያለቀ መሆኑ ገባት። ልጇ ያልጠበቀው ነገር ሊመጣ ነው። እሑድ ይህ ሰው መኪናውን አስነሥቶ ይወጣል፤ ሰኞ አሸዋ ሊጭን ይሄዳል። የሚሄድበት ጠፍቶት መቆሙ አይደለም ያስፈራት። አንድ ቀን ፍሬኑ የትኛው እንደሆነ ቢጠፋውስ? መንገዱ ዳር ትምህርት ቤት አለ።

ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻዎቹን ዲስኮች ይገጥም ጀመር።

"ቁጥሩን አንቺ ያዥልኝ" አላት። "ዘንድሮ ቁጥር ያመልጠኛል።"

የያዘችውን ኮት ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትቆጥር ገባች። አንድ የለበሰ፣ አንድ ራቁቱን፣ አንድ የለበሰ። ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ነበር። ሾፌሩ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ "ሊያልቅ ነው፣ አንተ ብቻ እሑድ በሩን ክፈትልኝ" ብሎት ዘጋ። ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ከዘይቱ ሳህን አንድ የለበሰ ዲስክ አንሥቶ፣ በለበሰው ላይ ደረበው። የተረፉትን ሁለት ራቁቶችም አንዱን ባንዱ ላይ አደረገ።

አፏ ተከፈተ። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

"ምነው?" አለ ሳይዞር።

"ምንም። ክሩ ተበጠሰብኝ።"

"ልክ ነን?"

ጀርባውን አየችው፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሳስቷል። ራሷ ነበረች የሰፋችለት።

"ልክ ነን" አለችው።

ሾፌሩ ማሰሪያ ቀለበቱን ጣ አድርጎ ዘጋው።

ቅዳሜ ጎረቤቶች መጥተው ካምቢዮውን ወደ መኪናው መለሱት። እሑድ ጠዋት ልጁ የግቢውን በር ከፍቶ ቆመ። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ሾፌሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሞከረው፤ መኪናው እንደ በግ ታዞ ሄደ። በጋቢናው መስኮት ብቅ ብሎ ልጁን ጠቀሰው። ከዚያ ወደ ፊት አስገባ። መኪናው ክንድ ያህል ተንቀሳቀሰና በሩ ሥር ካለችው ትንሽ ዳገት ሲደርስ ቆመ። ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ያጓራል፤ ጎማው ግን ንቅንቅ የለም። ደገመ፣ ሠለሰ። የተቃጠለ ነገር መሽተት ሲጀምር አጠፋው።

ልጁ መሬት መሬት እያየ፣ "ግድ የለም አባዬ፣ ውረድ" አለ።

ሾፌሩ ወረደ። ቁልፉን በልጁ መዳፍ ላይ አኖረው፤ ቃሉ ነበርና።

"ኋላው ይሠራል፣ ፊቱ ይንሸራተታል" አለ ቀስ ብሎ። "ዲስኮቹ ናቸው። አሳስቼ ደርድሬያቸዋለሁ።" ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። "አንቺ ትቆጥሪ ነበር።"

"እቆጥር ነበር።"

"ልክ ነን አልሽኝ።"

"ስትሳሳት አይቻለሁ። ዝም አልኩህ።"

"እማዬ!" አለ ልጁ።

ሾፌሩ እጁን አንሥቶ ልጁን ዝም አሰኘውና እሷን አተኩሮ አያት። ዓይኑ እንደዚያ ጥርት ብሎ ካየችው ቆይታለች።

"በድልድዩ ምክንያት ነው?"

"በድልድዩ ምክንያት ነው።"

ራሱን ነቀነቀ። እጁን በላምባ ረዥም ጊዜ ታጠበ። በቀትር መኝታ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ያቀረበችለትን ምሳም ሆነ እራት አልቀመሰም።

ሰኞ መኪናው ተጎትቶ ሄደ። ማክሰኞ ጠዋት ሾፌሩ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ሳሎን መጣና ባዶው ጠረጴዛ ፊት ቆመ። ካምቢዮው የታለ አላት። ነገረችው። ማን አበላሸው አላት። ያንንም ነገረችው፤ እንደገና ፊቱን አዞረባት፣ እንደገና ሳይበላ ዋለ። ልጇ ይህን ሲሰማ ተቆጣ።

"ተሸጠ በይውና ይብቃ። እሱ እንደሆነ ነገ አያስታውሰውም፤ ለምን በየቀኑ ትገረፊያለሽ?"

"እኔ አስታውሰዋለሁ" አለችው።

ረቡዕ ጨርቅ ዘርግታ በጠመኔ ምልክት ስታደርግ ሾፌሩ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ደስ ብሎት በር ላይ ብቅ አለ።

"አንቺ ሴት፣ ካምቢዮዬን የት ወስደሽ ደበቅሽው? እሑድ እኮ ደረሰ።"

ጠመኔውን አስቀመጠች። ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችውና ከዓርቡ የስልክ ጥሪ ጀምራ ነገረችው።