ጠበል የገባችው ፉርጎ

ወይዘሮ ፀዳለ ዓብዩን ገና በተዋወቁት ቀን ሲሰርቅ አዩት።

ከአገር ወጥተው በሚኖሩባት በአሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ቡና ቤት ነበር የተቀመጡት፤ እሳቸው፣ ልጃቸው ህይወት እና የልጅ ልጃቸው ሳሌም። ህይወት ልታስተዋውቃቸው የቀጠረችው ዓብዩ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፣ ሻይ ሊያመጣላቸው ወደ ባንኮኒው ሄደ። ስኳሩና ክዳኑ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ የቡና ማማሰያ እንጨት አንድ ጭብጥ ሙሉ አነሳ። ወደ ግራ አየ። ወደ ቀኝ አየ። ከዚያ ጭብጡን እንዳለ የደረት ኪሱ ውስጥ ሸጎጠና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሻዩን ይዞ መጣ።

«ስኳር ላድርግልዎት እማማ?»

«አልፈልግም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከኪሱ ሳያነሱ።

ቤት እንደገቡ ለህይወት ነገሯት። ህይወት ሳቀች። «እማዬ ደግሞ! እንጨት እኮ ነው። በነፃ የሚሰጥ።»

«በነፃ የሚሰጥ ከሆነ ለምን ግራ ቀኝ አየ?»

ህይወት እየሳቀች ወደ ኩሽና ገባች።

ነገሩ በእንጨት ብቻ ቢያበቃ ወይዘሮ ፀዳለም በተዉት ነበር። ግን አውሎ ነፋስ መጥቶ መብራት ለቀናት የጠፋበት ክረምት ሲያልቅ፣ ዓብዩ ሽማግሌ ሊልክ አስቧል ተባሉ። የህይወት አባት በሕይወት የሉም። እንግዲህ ሽማግሌ ተቀብሎ እሺ ወይም እምቢ የሚለው ሰው እሳቸው ናቸው። «አንቺ ልብሽ ካልፈቀደ አይምጡ» አለቻቸው ህይወት። «ደስ ሳይልሽ ምንም አላደርግም።» ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እሳቸው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጡ።

የሳሌም አባት ማቲያስም እኮ በሽማግሌ ነው የመጣው። ሽማግሎቹ «ዝንብ እሽ የማይል ልጅ» ብለው ነው ያስገቡት። እሱም እውነት ለመምሰል ጉልበት ስሟል፣ በየሰንበቱ በመኪናው ቤተ ክርስቲያን አመላልሷቸዋል። ሃያትስቪል ከተማ አፓርታማ ተከራይተው ብዙም ሳይቆዩ የመኝታ ቤቱ በር በቡጢ ተበሳ። ቀጥሎ የህይወት ከንፈር ተሰነጠቀ። ሳሌም ያኔ ጨቅላ ነበረች፤ ታስታውሳለች አይባልም። ሆኖም ዛሬም በር ጠንከር ብሎ ከተዘጋ ትከሻዋ ዘልሎ ጆሮዋ ጋ ይደርሳል።

ስለዚህ ወይዘሮ ፀዳለን የዓብዩ ሥራም ሆነ ቤት አላስጨነቃቸውም። ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ሲናደድ ምን ያደርጋል?

«ሲናደድ አይተሽው ታውቂያለሽ?» ብለው ህይወትን ጠየቋት።

«ኧረ እሱ አይናደድም።»

«ማቲያስም አይናደድም ነበር።»

ውድብሪጅ ለምትኖረው ጓደኛቸው ለእታለማሁ ደወሉላት። እታለማሁ ነገር ስትሰማ እንደ ሐኪም ነው፤ አንድ በአንድ ትጠይቃለች።

«ከቤቱ ሥር ያለውን ቤዝመንት ይቆልፋል አልሽ?»

«ሳሌም ናት የነገረችኝ። እኛ ስንሄድ ሁልጊዜ ቁልፍ ነው አለችኝ።»

«ከእንግሊዝ አገር ዕቃም ይመጣለታል።»

«በትንንሽ ካርቶን። ጣቱ ደግሞ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል።»

  «አንቺ ፀዳለ፣ እኔ እንደምታውቂኝ ሰው አላማም» ብላ ጀመረች እታለማሁ። ሐሜት ስትጀምር ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነው። «ግን ሚስት የሌለው፣ ቤዝመንት የሚቆልፍ፣ ማማሰያ የሚሰርቅ ወንድ ምን ሊባል ነው? ቢያንስ ገብተሽ እዪለት እንጂ!»

ሽማግሎቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ዓብዩ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቱ ምሳ ጠራቸው። ወይዘሮ ፀዳለ ትልቁን ቦርሳቸውን ይዘው ሄዱ።

ጓሮው ያልጠበቁት ነገር ነበር። በአበባውና በቁጥቋጦው መሃል ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ካብ ዙሪያውን ይሄዳል፤ በካቡ ላይ ከመዳፋቸው የሚጠብ ሀዲድ ተዘርግቷል። ሀዲዱ ዛፍ ሥር ይሾልካል፣ የጫማ ሳጥን በሚያህል ድልድይ ላይ ይሻገራል፣ ዞሮ ይመለሳል።

«ቤቱን የሸጡልኝ ባላቸው የሞቱባቸው የዌልስ ሴት ናቸው» አለ ዓብዩ። «ዌልስ እንግሊዝ ጎን ያለች ተራራማ አገር ናት። ሀዲዱን ባላቸው ናቸው የዘረጉት። አደራ አትንቀለው አሉኝ። መጀመሪያ ሳሩን ብቻ ነበር የማጭድለት። በኋላ ሀዲዱ ባዶውን ሲቀመጥ ደበረኝ። ፉርጎዎቹን ሴትየዋ ወስደዋቸዋል፤ ስለዚህ በእጄ መሥራት ጀመርኩ። ተሠርቶ የሚሸጥም ሞልቷል፤ ግን ከምንም ተነስቶ መሥራት ነው ደስ የሚለው።»

«ምን ይጭናሉ?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ።

«ድንጋይ። እዚያ ተራራው ላይ ለጣራ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ይፈለጣል። ወደ ባሕሩ የሚያወርዱት እንዲህ ባለ ጠባብ ባቡር ነበር። ቁልቁለቱን ሲወርድ የሚጎትተው የለም፤ በራሱ ክብደት ይንከባለላል።»

ከጣት የማይረዝም ድንጋይ የተደረደረባቸውን ፉርጎዎች ከካቡ ከፍታ ላይ ለቀቃቸው። እየተንኳኩ፣ ተከታትለው፣ ዛፉን ዞረው ወረዱ። ሳሌም «ሶ ክዩት! ሲያምሩ!» ብላ አጨበጨበች። ወይዘሮ ፀዳለ አላጨበጨቡም። ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ በአሻንጉሊት ልጅ የሚያባብል ሰው፣ ከበስተጀርባው ምን አለ? ያሰቡት ይህን ነበር።

ዓብዩ ጓሮ ሥጋ መጥበስ ሲጀምር «መታጠቢያ ቤት ልሂድ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። የቤዝመንቱ ቁልፍ በሩ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ፉርጎዎቹን ሲያወጣ ረስቶት ነው። አማተቡና ወረዱ።

ምላጭ። ጣት የምታህል መጋዝ። ያ ሽታ። ከዚያ በላይ ለማየት ጊዜ አላገኙም፤ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ከተቀመጠች ጥቁር ነገር ላይ ተተከለ። እንደ መዳፍ የምትረዝም ሳጥን ናት። ጠርዟ በቀጭን ወርቃማ መስመር ተከቧል፤ በአራቱም ማዕዘን ክዳን ያላት ዋንጫ የመሰለች ነገር ተተክላለች። ከጫፏ በር አላት። በጥፍራቸው ከፈቱት። ውስጧ የሬሳ ሳጥን ተጋድሟል፤ ከነክዳኑ፣ ከነመያዣው፣ አውራ ጣት የሚያህል።

ወይዘሮ ፀዳለ እጃቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ደህና ሰው የሬሳ ሳጥን ሠርቶ ቤቱ አያስቀምጥም። ይህ መተት ነው። ለካ ልጄ እንዲህ የፈዘዘችው ወዳ አይደለም! አሉ በሆዳቸው። ሳጥኗን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው፣ በእጃቸው ሳይነኳት፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ምሳውን «ሆዴን አሞኛል» ብለው አልቀመሱም።

አሌክሳንድሪያ እንደተመለሱ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ዘጉ። ከቤተ ክርስቲያን ያመጡትን ጠበል ሳፋ ውስጥ ገለበጡ፤ በስመ አብ ብለው ሳጥኗን ነከሩና በላይዋ ጨመሩባት። ጸሎታቸውን ጨርሰው ሲያዩ ውኃው ጠቁሯል። ደስ አላቸው፤ ክፉው ነገር እየወጣ ነው። ጣራዋ ተላቀቀ። ግድግዳዋ ተንሳፈፈ። አንዱን ስንጣሪ በጣታቸው አነሱና ወደ መብራቱ አስጠጉት።

ቀለሙ የለቀቀበት ጫፉ ክብ ነው። ስስ፣ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ። ይህን እንጨት ያውቁታል። ሻይ አማስለውበታል።

ህይወት በሩን ስታንኳኳ ከፈቱላት። ሳፋውን አየች።

«እማዬ! ምን አደረግሽ?»

«የሬሳ ሳጥን ነበረበት! በዓይኔ ያየሁት!»

«የሬሳ ፉርጎ ናታ! ከእንግሊዝ የሚመጣላት ጎማዋ ብቻ ነው የቀራት። እዚያ ተራራ ላይ መንገድ ስላልነበረ ድሮ ሬሳም በባቡር ነበር የሚወርደው። አንድ አሮጌ ፎቶ እያየ ክረምቱን ሙሉ የለፋባት ናት። ቤቱን የሸጡለት ሴት መጥተው ሊያዩለት ነበር!» ህይወት የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «ቫርኒሽ እንኳ ገና አልተቀባችም።»

«እንግዲህ እኔ ምን አውቄ...»

«አንቺው ትነግሪዋለሽ። እኔ አልሸፍንልሽም።»

በማግስቱ ዓብዩ ተጠርቶ መጣ። ወይዘሮ ፀዳለ ሳፋውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ሳሌምን መኝታ ቤት አስገብተው፣ በሩ ፊት ቆመው ጠበቁት። ሊመታ የሚነሳ ሰው ቢኖር መጀመሪያ የሚያገኘው እሳቸውን ነው።

«ከቤትህ ወስጄ ጠበል ውስጥ የከተትኳት እኔ ነኝ» አሉ። «መተት መስላኝ ነው።»

ዓብዩ ወደ ሳፋው ጎንበስ አለ። አንዷን ዋንጫ በሁለት ጣቱ አወጣትና አያት። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። የወንበሩን መደገፊያ ጨመቀው፤ የእጁ አጥንት ገጥጦ ወጣ። መጣ! አሉ ወይዘሮ ፀዳለ በሆዳቸው፤ የመኝታ ቤቱን እጀታ ከኋላቸው አጥብቀው ያዙ።

«እማማ» አለ። «በጣም ነው የተናደድኩት። አሁን ብናገር ጥሩ ነገር አልናገርም። ልሂድ።»

ሄደ። በሩን ሲዘጋ አልሰሙትም። መስኮቱ ጋ ሮጠው መኪናውን ተከታተሉት። እንደ ማንም ሰው ነድቶ ወጣ።

እፎይ ግን አላሉም። ዝም ብሎ የሚሄድ ቁጣ የተጠራቀመ ቁጣ ነው፤ ተጠራቅሞ በማን ላይ ሊፈስ? ሌሊቱን ይህንኑ ሲያወጡና ሲያወርዱ አደሩ። እታለማሁም ስትደውል «እንዲህ ያሉት ናቸው አደገኞቹ» ብላ አባሰችባቸው።

በማግስቱ ስልካቸው ጮኸ። ዓብዩ ነው። ለህይወት ሳይሆን ለሳቸው ነው የደወለው።

«እማማ፣ ያናደደኝን ልንገርዎት?»

«ንገረኝ።»

«ፉርጎዋ እንደገና ትሠራለች። እኔን ያናደደኝ ቤቴ ምሳ ጠርቼዎት ቦርሳዎ ውስጥ ከተው መውጣትዎ ነው። ይሄ ምንድነው ቢሉኝ ኖሮ አሳይዎት አልነበር?»

ወይዘሮ ፀዳለ ፊታቸው ጋለ። እጅ መስጠት ግን አልለመዱም። «አንተስ ለምን ትቆልፋለህ?»

«ሳሌም ትመጣለቻ! ምላጩ አለ፣ ሙጫው መርዝ ነው። እናንተ ስትመጡ ነው የምቆልፈው፤ ሌላ ጊዜ ክፍት ነው።»

«ማማሰያውንስ? ግራ ቀኝ እያየህ?»

 ሳቅ ሲያፍነው ሰሙት። «አፍሬ ነዋ! ሱስ ሆኖብኝ ነው፤ ለፉርጎ ሳንቃ እንደሱ የሚሆን እንጨት የለም። እማማ፣ መተተኛ ብሆን በቡና ማማሰያ እሠራለሁ? የማልረባ መተተኛ አድርገውኝ አረፉ እኮ!»

እሳቸውም ሳያስቡት ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ቶሎ መሳቃቸው አሳሰባቸው። «ይቅርታ አድርግልኝ» አሉት።

«አድርጌአለሁ። ግን ንዴቱ ገና አልወጣልኝም፤ ሁለት ሦስት ቀን ከተኮሳተርኩ አይክፋዎት።»

እውነትም ረቡዕ ሳሌምን ከትምህርት ቤት ሲያደርስ እንደተኮሳተረ ሰላም አላቸው። ለሳሌም ግን ቦርሳዋን ተሸክሞላት፣ ስለ ፈተናዋ እየጠየቃት ነበር። ወይዘሮ ፀዳለ ከመስኮቱ ሆነው አንዱን ፊት ከሌላው ጋር ሲያስተያዩ ቆዩ።

እሁድ ሽማግሎቹ መጡ፤ ሦስት ናቸው። አፈ ጉባኤያቸው አቶ ይገዙ ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ ቆመው፣ እንደ ወጉ «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። ቁጭ በሉ ሲባሉ ተቀመጡና ማወደስ ጀመሩ። ሠራተኛ ነው አሉ። መጠጥ አይወድም አሉ። ኩሽናው በር ላይ ህይወት ትሪ ይዛ ቆማ ትሰማለች።

«ጠባዩን በተመለከተ ደግሞ» አሉ አቶ ይገዙ፣ «ስንት ዘመን ስናውቀው አንድ ቀን ተቆጥቶ አላየነውም። ቁጣ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም!»

«ይቆጣል» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ።

 ህይወት ትሪውን እንደያዘች ወደ ሳሎኑ ብቅ አለች።

«ይቅርታ?» አሉ አቶ ይገዙ።

«ይቆጣል ነው የምልዎት። እኔ አይቼዋለሁ። እናንተ ካላያችሁ አታውቁትም ማለት ነው።»

አቶ ይገዙ አጠገባቸው የተቀመጡትን ሽማግሌ አዩ። ሽማግሌውም ምንጣፉን አዩ። «እንግዲህ... ምን አደረገ?»

«ተናድጃለሁ አለኝና ሄደ። በማግስቱ ደወለ። ምን እንዳናደደው ነገረኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ግን ልጄ ላይ አልተወጣውም።» ወይዘሮ ፀዳለ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ስለዚህ እሺ ብያለሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ሽማግሎቹ እልል ይበሉ፣ ያመስግኑ ግራ ገብቷቸው እኩል ሊነሱ ሲሉ፣ ወይዘሮ ፀዳለ እጃቸውን አነሱ።

«ቆዩ፣ ቁጭ በሉ። እሱ ያልነገረኝ፣ እናንተ የምታውቁት ሌላ ነገር ካለ ግን አሁኑኑ ይነገረኝ። አቶ ይገዙ፣ ከርስዎ ልጀምር።»