የፊልም ሽማግሌዎች

ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ተዋንያን መሆናቸውን የደረሰችበት ባለቤቴ ሸዋረገጥ ናት። እኔማ ተሸውጄ ነበር። እሑድ ጠዋት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ከዘራቸውን ተደግፈው ጅማ ቦሳ ኪቶ ካለው ቤቴ በር ላይ ቆሙ። መሐል የነበረው፣ ጢሙ እንደ ጥጥ የነጣው ሰውዬ ገና «እንደምን አደራችሁ» ሲል ደንግጬ ኮቴን ልለብስ ሮጥኩ። ድምፁ ብቻውን ያስከብራል።

«የመጣነው ከሩቅ ነው፤ የያዝነው ጉዳይ ግን የቅርብ ነው» ብሎ ጀመረ። ቤትን ከቤት፣ ዘርን ከዘር ስለማስተሳሰር ሲናገር አንጀት ያርሳል። እኔ አንገቴን እየነቀነቅኩ ስሰማ ጓዳው በር ላይ የቆመችው ሸዋረገጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሰውዬው ገና ሳይናገረው ቃሉን እሷ ትቀድመዋለች። ጠቀሰችኝና ተነሥቼ ሄድኩ።

«ሀብቴ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ የእሑዱ ድራማ ላይ ያለው ሽማግሌ ነው!»

«የቱ?»

«ባለፈው ሳምንት የሞተው ነዋ!»

ተመልሼ አየሁት። እሱ ነው። ሸዋረገጥ ባለፈው እሑድ ለእሱ አልቅሳ እራት እንኳ አልበላችም። ዕድሜ ልኬን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ሠርቼ፣ የሐሰት ምስክር ገና ከበር ሲገባ የምለይ ሰው በጋቢ ተታለልኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ባለፈው ሳምንት አልሞቱም እንዴ?» አልኩት።

ከዘራውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። «ሞቻለሁ ጌታዬ። ደራሲው ነው የገደለኝ።»

ሁለቱ ጓደኞቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። ከፈለ እባላለሁ አለ፤ እውነተኛ ስሙ ነው። ለማን እንደመጡ ስጠይቀው ያ ሁሉ ድምፅ ቀነሰ።

«ለነቢዩ።»

ደሜ ፈላ።

ለማያውቀው ሰው ልንገር። ነቢዩ የፊልም ተዋናይ ነው፤ ሐቁን ለመናገር ጎበዝ ነው። ከፊልም ውጭ ያለው ጉዱ ግን ተነግሮ አያልቅም። በሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ጋዜጠኛ ራስ ላይ ቢራ ደፍቷል። ቦሌ መንገድ ላይ ሸሚዙን አውልቆ ታክሲ ጣራ ላይ ወጥቶ ዘፍኗል፤ ሊያወርደው የመጣው ፖሊስም አብሮት ፎቶ ተነሥቷል። አንዲት ተዋናይ በቲክቶክ አግብቶ ሳምንት ሳይሞላው እዚያው ቲክቶክ ላይ ፈትቷታል። አገር ሲስቅ እኔም ስቄያለሁ። የሌላ ሰው ልጅ ጉድ ያስቃል።

ያላሳቀኝ እዚሁ ጅማ አጠገብ፣ የቡ ላይ የሠራው ነው። ካቻምና ፊልም ሊቀርጹ መጥተው፣ ሰክሮ መኪናውን የገበሬው የአቶ ጀቤሳ ቡና መሐል ነዳው። ቀይ እሸት ቡና በሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነው የሚደርቀው። አልጋውን ሰባበረ፣ ቡናውን ጭቃ ላይ ዘረገፈ፣ ይባስ ብሎ ከመኪናው ወርዶ ፍሬው ላይ ተጋደመና እየሳቀ ዋኘበት። ጓደኞቹ ቀረጹት፤ ቪዲዮውን ያላየ የለም። ጅማ ውስጥ ቡና መርገጥ ምን ማለት እንደሆነ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይቸግራል። እዚህ ሕፃን እንኳ መንገድ ላይ የወደቀች ፍሬ ካየ አንሥቶ ነው የሚያልፈው።

ልጄ ናዝራዊት ከነቢዩ ጋር የተዋወቀችው በዚያው ቀን ነው። ነርስ ናት። የአልጋው ሽቦ እግሩን ተርትሮት ኖሮ ወደምትሠራበት ክሊኒክ አመጡት። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሣው እሷ «መጀመሪያ ታጠብ፤ ትሸታለህ» አለችው። ይህንን የነገረችን ራሷ ናት፣ ዘግይታ። ከዚህ ተነሥቶ ፍቅር እንዴት እንደሚመጣ እኔ አላውቅም። ሸዋረገጥ አውቃለሁ ትላለች።

ተዋንያኑን አልሰደብኳቸውም። «ይኼ ቤት ስቱዲዮ አይደለም፤ በሰላም ሂዱ» አልኳቸው። ሸዋረገጥ ደግሞ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ምሳ ሳይበላ ከቤቴ አይወጣም ብላ ድርቅ አለች፤ ከከፈለ ጋርም ፎቶ ተነሣች። ሲሄድ ከፈለ እጄን ያዘና በድራማው ሳይሆን በራሱ ድምፅ «ሌላ እሺ የሚለው ሰው አጥቶ ነው፣ ጌታዬ። ልጁ ክፉ አይደለም» አለኝ።

«የእርስዎን ምስክርነት ባለፈው እሑድ ቀብረነዋል» አልኩት።

ናዝራዊት ከሥራ ስትመለስ ልጮህባት ተዘጋጅቼ ነበር። ቀደመችኝ። ለካ እሷም ተዋንያን እንደሚልክ አላወቀችም። ጓሮ ወጥታ ደወለችለትና «ሰው ካጣህ አጣሁ አትለኝም? አባቴ ፊት ታስቅብኛለህ?» እያለች ስትጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስሙን አላነሣችም፤ እኔም ተገላገልኩ አልኩ።

ግን ልጄ ከሣች። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ አትጎርስም። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ፊቷን ሳየው ግን ያቺ ትኩሳት ሲይዛት አዝዬ ግቢውን የማዞራት ሕፃን ትመጣብኛለች።  ወዲያው ደግሞ ያ ቪዲዮ ትዝ ይለኛል። ነገ የእሱ ጉድ የእሷ ጉድ ሲሆን፣ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ጎረምሳ ሁሉ ልጄን በስልኩ እያየ ሲስቅባት ይታየኛል፤ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኼ ነበር። ንዴቴ ይመለስና «የካሜራ መብራት ዓይንሽን አጥፍቶታል!» እላታለሁ። ዝም ትላለች። ዝም ስትል መልስ አጣች ብዬ እጨምርባታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አቶ ጀቤሳ ከየቡ መጡ። ባለ ቡናው። ከሥራ ዘመኔ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ማና ወረዳ ውስጥ ሰው ከተጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ስንቱን መዝገብ እሳቸው ስላስታረቁልን ዘግተናል። ከሁለት የመንደራቸው ሰዎች ጋር ገብተው ሳሎኑ መሐል ቆሙ። አረፍ በሉ ብል እምቢ አሉ።

«ጉዳያችንን ሰምተው እሺ ሳይሉን አንቀመጥም፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ።»

«በደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ልጅዎን ናዝራዊትን ለነቢዩ ልንለምን ነው የመጣነው።»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ቡናዎን ለረገጠው ነቢዩ?»

«ኤዬ፣ ለእሱው።»

«ምን ነካዎት አቶ ጀቤሳ!»

«ማሎ፣ ይስሙኝ» አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ያን ጉድ በሠራ በሳምንቱ ብቻውን መጣ። እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል። አባረርኩት። በማግስቱ መጣ፤ አሁንም አባረርኩት። ኋላ ባለቤቴ ‹ወይ ሥራ ስጠው ወይ ዱላ ስጠው፤ በር ላይ ተገትሮ ላሞቹን አስደነበረብኝ› አለች።» ሁለቱ ጓደኞቻቸው ሳቁ። «ከሴቶቹ ጋር ቡና አገላብጥ አልኩት። እርስዎ ያውቁታል፣ የአልጋ ቡና ቀኑን ሙሉ ነው የሚገላበጠው። ሲያስገመግም ሮጦ መሸፈን፣ ሲያባራ መግለጥ ነው። ፀሐዩ ጀርባውን ላጠው። ስልኩን ራሱ አውጥቶ ለባለቤቴ ሰጣትና ደብቂልኝ አላት። ቡናው ደርቆ እስኪገባ ድረስ እኛ ጋ ቆየ። ዘንድሮም ማንም ሳይጠራው መጣ።»

«መጠጡንስ?»

«ትቻለሁ ይላል። ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን አልመሰክርም። እኛ ጋ ሳለ አንድ ጊዜ ወድቋል። ጅማ ወርዶ ሰክሮ ተመለሰ። ግቢዬን ግን አልረገጠም፤ አጥሩ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ‹በዚህ አፌ እርስዎ ቤት አልገባም ብዬ ነው› አለኝ። ዱጋውን ነው የምነግርዎት፤ እውነቱ ይኼ ነው።»

«የራሱ ዘመድ የለውም እንዴ?»

«እናቱ ሞታለች። አጎቶቹን ቢለምን ‹ስማችንን በአንተ አናስነሣም› አሉት። እኔን ለመጠየቅ ደግሞ በየትኛው ዓይኑ? የሰማሁት ከልጄ ከሱሀይላ ነው። እርስዎ ቤት የሞተ ሰው ሽማግሌ ሆኖ መምጣቱ የቡ ድረስ ተወርቷል።»

መሳቅ አልፈለግኩም፤ ሳቅኩ። ጓዳ ውስጥም ሸዋረገጥ ስትስቅ ይሰማኛል። ከሳቁ በኋላ ግን ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጥያቄ አወጣሁት።

«የሃይማኖቱን ነገር እንተወውና፣ ሱሀይላን ቢጠይቅዎት ይሰጡት ነበር?»

አቶ ጀቤሳ ኮፍያቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉት።

«ወላሂ፣ እፈራ ነበር» አሉ። «ሁለተኛ አይወድቅም ብዬ አልምልልዎትም፤ ልብን የሚያውቅ አላህ ነው። ግን እኔ የቆምኩት ለወንዱ ብቻ መሰለዎት? ነገ ቢያስለቅሳት ማንን ይጠራሉ? ያንን የቴሌቪዥን ሰውዬ? የኔ ቤት የቡ ነው፣ መስጊዱ አጠገብ። ማንም ያሳይዎታል። በፈለጉት ሰዓት መጥተው በሬን ይምቱ። እሷን እኔው ራሴ ይዤ እዚህ አመጣታለሁ፤ እሱንም የምጠይቀው እኔው ነኝ። የመጣሁት ይቺን ልል ነው።»

 «ልጄን ላነጋግር» ብዬ እንደቆሙ ትቻቸው ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ናዝራዊት የልብስ ገመዱ ሥር ነበረች። አንድ አንሶላ ይዛ ደጋግማ ትዘረጋዋለች። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምታለች። ያቺ የተለመደችው «መብራት ዓይንሽን አጥፍቶታል» አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ያን ያህል ሰው የሚፈራቸው፣ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ጓደኞቻቸው ፊት «እፈራ ነበር» ማለታቸው ልቤን ነክቶት ኖሮ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

«ናዝሬ፣ አትፈሪም?»

አንሶላውን ለቀቀችው።

«እፈራለሁ እንጂ አባዬ። ስልክ ካላነሣ እፈራለሁ። ካነሣም ጠጥቶ ይሆን እያልኩ ድምፁን ሳዳምጥ እፈራለሁ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሳላየው የወደድኩት መሰለህ? ትሸታለህ ብዬው እኮ ነው የተዋወቅነው።» ሳቅ አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «አንተ ስትቆጣ ደግሞ ክፍሌን ዘግቼ ብቻዬን እፈራለሁ።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ‹በይ ተይው› ነበራ የምትለኝ።»

እውነቷን ነው፤ እል ነበር። ልጄ ታወረች እያልኩ ስጮህ እሷ ለካ ከሁላችን በላይ አይታዋለች። ያንን ሁሉ አይታ፣ እየወደደችው፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ ለብቻዋ ስትሰጋ ነው የከረመችው። ራሷን ደረቴ ላይ አስጠግቼ ግንባሯን ሳምኳት። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኳትም።

«በቃ፣ ከእንግዲህ አብረን እንፈራለን» አልኳትና ሽማግሌዎቹን ላስቀምጥ ገባሁ።