ሁለተኛው አምፖል

መምህር ባምላክ ሽቦውን ከባትሪ ድንጋዩ ጋር ሲያነካካው አምፖሎቹ ቦግ አሉ። የመጀመሪያው ደምቆ በራ፤ ሁለተኛው ፈዘዘ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

"ጉድሽ ፈላ፣ ጭራ!" አለ ከኋላ አንዱ።

ዝናሽ አንገቷን ደፋች። መምህሩም ደስ አላለውም።

ትናንት ኮረንቲን ያስረዳቸው በመስኖ ነበር። አባቱ ለአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉ የውሃ አባት ስለነበሩ ምሳሌው ሳያስበው ነው ከአፉ የወጣው። "ቦዩ ራስ ላይ ያለ ማሳ ጠግቦ ይጠጣል፤ ጭራው ላይ ላለው ትራፊው ይደርሰዋል። በአንድ ሽቦ የተከታተሉ ሁለት አምፖሎችም እንደዚያው ናቸው፤ የፊተኛው ይደምቃል፣ የኋለኛው ይፈዛል" አላቸው።

ዝናሽ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ኮረንቲ እኮ ተጠጥቶ አያልቅም። ቻርጁ ዞሮ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። አንድ ዓይነት አምፖል ከሆኑ ሁለቱም እኩል ነው የሚበሩት።"

በተማሪ መታረሙ አናደደው። "ምነው ዝናሽ፣ የእናንተ ማሳ ጭራው ላይ አይደል እንዴ? አንቺ እንዴት ይጠፋሻል?"

እውነቱን ነበር፤ የነዝናሽ ሽንኩርት ውሃ ሳይደርሰው የሚደርቅበት ዓመት ይበዛል። ክፍሉ ሳቀ። ሲወጡ ስሟ ጭራ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ጠዋት ብቻውን ሞከረው። እኩል በሩ። ያኔ ማመን ነበረበት። እሱ ግን አንዱን አምፖል ነቅሎ ኪሱ ከተተና ከአሮጌ የእጅ ባትሪ ያወጣውን ሌላ ዓይነት አምፖል ተካበት።

"ቲቸር" አለች ዝናሽ፣ ቀና ሳትል። "ቦታቸውን ያቀያይሯቸውማ።"

ደነገጠ። ፈዛዛው አምፖል ፊትም ቢሆን ፈዛዛ ነው። ጊዜ የለንም ሊል አፉን ከፈተ። ልጅቷ አሁንም አንገቷን እንደደፋች ነበር። ያን አንገት ያስደፋው እሱ ነው፤ እፍረቱ ጆሮ ግንዱ ድረስ አቃጠለው።

"ነይ፣ አንቺው አቀያይሪያቸው።"

መጥታ አቀያየረቻቸው። የፊተኛው ፈዘዘ፤ የኋለኛው ደመቀ።

"ምነው ቲቸር፣ ቦዩ ራስ ላይ ያለው ጠማው እንዴ?" አለ ያው የኋላው ልጅ። ደግመው ሳቁ፤ አሁን የሚስቁት ግን በእሱ ነበር።

አምፖሉ ተበላሽቶ ነው ቢል ያምኑታል። ዝናሽም ሳትቀር ልታምነው ትችላለች። እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ የነቀለውን አምፖል አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት።

"ይኼን ጠዋት የነቀልኩት እኔ ነኝ" አለ፣ ለክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ። "እኩል ስለበሩ ነው የነቀልኩት። ልክ አንቺ ነበርሽ። ስላልኩሽም ነገር ይቅርታ አድርጊልኝ። በይ መልሰሽ ግጠሚውና አስረጃቸው።"

ጠመኔውንም ሰጣትና ሄዶ እሷ ከተነሣችበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።